20 ሊትር ማር ስንት ኪሎ ነው?

ኮምቦልቻ ላይ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎችና ለእንግዶቻቸው ከተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም።

የተጋበዝኩት ትንንሽ የግል አውሮፕላኖች ከመሬት ሲነሱ ስለሚደርስባቸው አደጋ እንድናገር ነው። ርዕሱ ሲነገረኝ አብሮን የነበረ አንድ መምህር «የወሎ ሰው ያለው አይሱዙና ባጃጅ ነው፤ ይህ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። ቀልዱን ወድጄዋለሁ። ሆኖም ዛሬ ከምናገረው ውስጥ ግማሹን ያህል፣ ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሾፌር ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሞተር ከፍታ ላይ ሲደክም፣ ጭነት ሲበዛ፣ ቀኑም ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ከመሪው ጀርባ ሆኖ አይቶታልና። ልዩነቱ ሾፌሩ ሞተሩ ሲደክምበት ጥግ ይዞ ድንጋይ ያስደግፋል፤ አብራሪው ግን የሚያስደግፈው ድንጋይ የለውም።

እኔ አብራሪ አይደለሁም፤ መካኒክ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁ ከመሬት ያየሁትን ነው። ያም ቢሆን ለዚህ ርዕስ አያንስም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የመነሻ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው አውሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ፣ ሰዎች በጎኑ ቆመው ሲሰነባበቱ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ፣ ገና ረዳት መካኒክ ሳለሁ፣ በአንድ የወሎ ደጋማ አገር ከብት በሚግጥበት የአፈር ሜዳ ላይ ባለ አንድ ሞተር፣ ባለ አራት መቀመጫ የግል አውሮፕላን አርፋ ነበር። ሁለት እንግዶች ይዛ መጥታ ሁለት ቀን አደረች። ቀጠሮው በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንድትነሳ ነበር። አስተናጋጃችን የነበሩት ሽማግሌ ግን «ቁርስ ሳይቀምሱ አይሄዱም» አሉ። ከቁርሱ በኋላ ቡና ተፈላ፤ አገሩ ወሎ ነውና አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተራውን ጠብቆ ተጠጣ፤ ምርቃቱም ረዘመ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ቀኑ 6 ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች።

ስንብቱ ላይ ሽማግሌው በአህያ የተጫነ ስጦታ አስመጡ፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነጭ ማርና ግማሽ ኩንታል ጤፍ። አብራሪው፣ ሁላችንም «ካፒቴን» የምንለው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጀሪካኖቹ ሃያ ሃያ ኪሎ ናቸው አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። የመጀመሪያውን ጀሪካን ወደ ዕቃ ክፍሉ ሳነሳ ግን ክንዴ ሌላ ነገር ነገረኝ። ውኃ የተሞላ ጀሪካን ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜአለሁ፤ ይህ ያ አይደለም። ማር ከውኃ ይከብዳል፤ 20 ሊትሩ 28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን በቁጥር ያወቅሁት በኋላ ቢሆንም እጄ ግን ያኔውኑ አውቆታል። «ጋሼ፣ ጤፉ እንኳን ቢቀር?» ለማለት አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ፤ «ልጄ፣ ከቤቴ እንግዳ ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ካፒቴኑም ዝም አለ። ሁለታችንም ሽማግሌውን ላለማስቀየም ስንል ያደረግነው ነው፤ ይሉኝታ ይባላል። በሙያዬ ዘመን ካየኋቸው የአደጋ ምክንያቶች ውስጥ ይሉኝታን የሚያክል አላየሁም፤ በአደጋ መመርመሪያ ቅጽ ላይ ግን ቦታ ተሰጥቶት አያውቅም።

አውሮፕላኗ ተንደረደረች። ከወትሮው ረዝማ መሄዷን አየሁ። ከሜዳው ሁለት ሦስተኛውን ካለፈች በኋላ ጎማዎቿ መሬት ለቀቁ፤ ሕፃናቱ እልል አሉ። ነገር ግን ከሰው ቁመት ብዙም ሳትበልጥ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ፣ ከመሬቱ ጋር እኩል እየሄደች ቀረች። መውጣት አልቻለችም፤ መውረድም አልፈለገችም። ሜዳው አልቆ የገበሬ እርከን ሲጀምር አንደኛው ክንፍ በድንገት ዘቀጠ፤ እርከኑ የፊት ጎማዋን መታ፤ አፈሩ ቦነነ። ሮጠን ስንደርስ ሦስቱም በሕይወት ነበሩ። ካፒቴኑ ክንዱ ተሰብሯል፤ ከእንግዶቹ የአንዱ ግንባር ተሰንጥቋል። ከወንበሩ ጀርባ አንዱ ጀሪካን ፈንድቶ ማሩ በመሣሪያዎቹ ሰሌዳ ላይ፣ በካርታው ላይ፣ በካፒቴኑ ጫማ ላይ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት ስብርባሪውን ልንመረምር ስንመለስ፣ የአገሩ ንቦች ቀድመውን ደርሰው ማራቸውን መልሰው ይቀዱ ነበር።

ካፒቴኑ «ሞተሩ ከዳኝ» አለ። ሞተሩ ከድቶት ነበርን? ወደዚህ ከመመለሴ በፊት ግን የዛሬዋን ኮምቦልቻ ላስላላችሁ፤ ስሌቱን ካላያችሁ የካፒቴኑን ቃል መመዘን አትችሉም።

የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,860 ሜትር፣ በአቪዬሽን ቋንቋ 6,100 ጫማ ገደማ ላይ ይገኛል። የአውሮፕላን አቅም የሚለካው ግን መሬቱ ባለበት ከፍታ ብቻ አይደለም፤ አየሩ ባለው ጥግግት ነው። በዓለም አቀፍ መለኪያ አየር በባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ በየ1,000 ጫማው ደግሞ 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ በእኛ ማረፊያ ላይ «መደበኛው» ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ መሆን ነበረበት። ኮምቦልቻ 3 ዲግሪ! የምትስቁት እውነታችሁን ነው። እኩለ ቀን ላይ 28 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 25 ዲግሪ ነው፤ ከመደበኛው በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ አውሮፕላኑ 36 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመ ያህል ይሰማዋል። 25 ጊዜ 36፣ 900 ሜትር ነው። እንግዲህ እናንተ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ቆማችኋል፤ አውሮፕላኑ ግን የቆመው ወደ 2,760 ሜትር ላይ ነው። ቆላዋ ኮምቦልቻ በእኩለ ቀን ሙቀት ሐረጎን ወጥታ፣ ደሴን አልፋ፣ ከደሴም በላይ ወጣች ማለት ነው። በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ በ12 ዲግሪ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ግን ጭማሪው 330 ሜትር ገደማ ብቻ በሆነ ነበር። ቁርስና ቡና ያስወጣን ዋጋ ይህ ነው።

በዚያ ከፍታ ምን ይሆናል? ተርቦ የሚባለው አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ያልተገጠመለት ባለ ፒስተን ሞተር የሚስበው አየር ስለሳሳ በባሕር ጠለል ላይ ከነበረው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። 180 ፈረስ ጉልበት የነበረው ወደ 135 ይወርዳል። ፕሮፔለሩም፣ ማለትም ከፊት የሚሽከረከረው መቅዘፊያ፣ የሚቀዝፈው ያንኑ ስስ አየር ነው። ክንፉ ደግሞ በስስ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሳት በ15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ እዚህ ላይ ለአብራሪው ወጥመድ የሚሆን ነገር አለ። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ያው የለመደው ነው፤ ሲነሳ 55 ኖት ይላል (ኖት የአብራሪዎች የፍጥነት መለኪያ ነው)፤ ከጎማው በታች ግን መሬቱ በ63 ኖት እየሸሸ ነው። መርፌው አልዋሸም፤ የሚለካው አየሩን እንጂ መሬቱን አይደለም። የመንደርደሪያው ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ይህ 15 በመቶ ብቻውን ርቀቱን በሲሶ ያህል ያረዝመዋል። የጉልበቱ መቀነስ ሲጨመርበት በባሕር ጠለል ላይ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ሜዳ ይፈልጋል።

ክብደቱን ደግሞ እንይ። በዓለም ላይ በብዛት የተመረተው ትንሽ አውሮፕላን ሴስና 172 ነው፤ ከ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። አራት መቀመጫ ስላለው ሰው ሁሉ አራት ሰው ይይዛል ብሎ ያስባል። ከኋለኞቹ ሞዴሎች የአንዱ ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 1,157 ኪሎ ነው፤ ባዶውን 750 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለነዳጅ፣ ለሰውና ለዕቃ የሚቀረው 400 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ነዳጁ ከተሞላ 144 ኪሎ ያህሉ ይሄዳል። በቀረው 250 ኪሎ ሦስት ደህና የበሉ ሰዎች ከነሻንጣቸው ተጭነው ያበቃል። አራተኛው መቀመጫ ሁልጊዜ የሚሰጥ ቃል ኪዳን አይደለም። ከኋላ ያለው የዕቃ ክፍልም የሚችለው 54 ኪሎ ገደማ ነው፤ የእኛ ሁለት ጀሪካን ማር ብቻውን 56 ኪሎ ነበር። ክብደት ወደ ኋላ ሲያደላ የሚመጣው ጉዳት ከመብዛቱም የባሰ ነው፤ አፍንጫው በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይነሳል፣ አብራሪው ወደ ታች ሊመልሰው ሲገፋ ይቸገራል።

አሁን ያን «ተነሳች» ብለን እልል ያልንበትን ቅጽበት ላስረዳ። አውሮፕላን ከመሬት ከክንፉ ርዝመት በማይበልጥ ከፍታ ላይ ሲሆን (ለሴስና 172 ይህ 11 ሜትር ነው) ከክንፉ ጫፎች የሚነሳውን የአየር አዙሪት መሬቱ ስለሚያፍነው ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል። ከጠረጴዛ ላይ የተገፋ ወረቀት መሬት ሊነካ ሲል ጥቂት እንደሚንሳፈፈው ያለ ነው። ስለዚህ ለመውጣት የማይበቃ ፍጥነት ያለው አውሮፕላን እንኳን ከመሬት ሊላቀቅ ይችላል። ነገር ግን ይህ ብድር ነው፤ ጥቂት ሜትር ከፍ ሲል ብድሩ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው ነገር አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ መሬቱን ታክኮ ፍጥነት ማጠራቀም ነው። የሜዳው መጨረሻ ሲሮጥ የሚታየው አብራሪ ግን እጁ ሳያውቀው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን 15 ወይም 16 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በክንፉ ጀርባ ተለጥፎ ይፈስ የነበረው አየር ይላቀቃል፤ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት ይህን ነው። ሰማይ ላይ ቢሆን አፍንጫ ዝቅ አድርጎ ማዳን ይቻላል። በሰው ቁመት ላይ ግን ለማዳኛ የሚሆን ከፍታ ከየት ይመጣል?

አብራሪዎች አንድ ቀላል ሕግ አላቸው፤ ተማሪዎች ስለሆናችሁ ሒሳቡን ትወዱታላችሁ። የሜዳውን እኩሌታ ስታገኝ ለመነሳት ከሚያስፈልግህ ፍጥነት 70 በመቶውን ካላገኘህ፣ ሞተሩን ዘግተህ ፍሬን ያዝ። ለምን 70? ርቀት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ 0.7 ጊዜ 0.7፣ 0.49 ነው፤ ማለትም ግማሽ ሜዳ። ግማሹን ሜዳ ከፍለህ ግማሹን ሥራ ካልገዛህ የቀረው ሜዳ አይበቃህም። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ከሜዳው እኩሌታ ላይ የተተከለ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ይበቃል። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ድንጋይ አልተከልንም ነበር። ነፋስም በዚሁ ካሬ ሒሳብ ይቀጣል፤ ከኋላ የሚመጣ፣ ከመነሻው ፍጥነት አንድ አስረኛ ብቻ የሚሆን ነፋስ የመንደርደሪያውን ርቀት በ21 በመቶ ያረዝማል።

እርግጥ ሁሉም የመነሻ አደጋ የክብደትና የሙቀት አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ሲወጣ የርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች ስለመታበት ተከስክሶ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል፤ ትልቅ አውሮፕላን ቢሆንም አገሩ የእኛው ደጋ ስለሆነ አነሳሁት። በትንንሾቹ ደግሞ በነዳጅ ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ አለ። ጋኑ ጎደል ብሎ በደጋ ብርድ ካደረ ከአየሩ የሚወጣው ጤዛ ከሥር ይጠራቀማል። ስለዚህ ጠዋት ከጋኑ ሥር በብርጭቆ ተቀድቶ ወደ ብርሃን ይታያል፤ ቤንዚኑ ሰማያዊ ነው፣ ውኃው ከሥሩ እንደ እንቁላል ነጭ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ በዚያ ቀን ሠርቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነበር።

መርሳትም አለ። እዚህ ላይ ለወሎ ሰው የምትቀርብ አንዲት ዓመት አለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው በከተማው ነበሩ፤ ብዙ የአገራችን ሰው አውሮፕላንን በቅርብ ያወቀው በዚያ መንገድ ነው። ከዚያ 37 ቀን ቀድሞ፣ ጥቅምት 19፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ዴይተን አጠገብ ቦይንግ ሞዴል 299 የተባለ አዲስ ቦምብ ጣይ ለፍተሻ ሲነሳ አፍንጫውን ቀስሮ ወጣ፣ ስቶል አደረገና ወደቀ። ሻለቃ ፕሎየር ሂልና የኩባንያው አብራሪ ሌስሊ ታወር በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። ሁለቱም በጊዜያቸው ስመ ጥር የፍተሻ አብራሪዎች ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር ሞተሩ ጤነኛ፣ አካሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ፤ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ የጅራቱን መሪ እንዳያንገላታው የሚያስረው መቆለፊያ ሳይፈታ ተረስቶ ነበር። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ያመጡት መላ ተጨማሪ ሥልጠና አልነበረም፤ አንድ ወረቀት ነበር፤ ቼክ ሊስት፣ ማለትም ከመነሳት በፊት አንድ በአንድ የሚታዩ ነገሮች ዝርዝር። አዋቂ ሰው ይረሳል ብሎ ማመን ለኩሩ ሰው ከባድ ነው። ለእኛ ግን ይህ ልማድ አዲስ አይመስለኝም፤ ሸማኔ ድሩን ሳይቆጥር አይጀምርም።

ሌላው፣ አብራሪዎች ራሳቸው እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት፣ ሞተር ከተነሱ በኋላ ወዲያው ቢጠፋ ወደ ተነሱበት ሜዳ መመለስ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ከፊትህ ያለውን ምረጥ፣ እርሻም ቢሆን ጨፌም ቢሆን ቀጥ ብለህ ውረድ። ፍርሃት ግን ወደ ተውከው ሜዳ ይጎትታል። ለመዞር ክንፍ ማጋደል ያስፈልጋል፤ በ45 ዲግሪ ያጋደለ አውሮፕላን ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት በ19 በመቶ ይጨምራል፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ በ41 በመቶ። ፍጥነት እያለቀበት ያለ ሰው ተጨማሪ ፍጥነት የሚጠይቅ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከምርመራ ያየሁት የጤፍ ማሳ ውስጥ የወረደ አውሮፕላን ሁሉ ጎማውን ሰብሮ ሰዎቹን አትርፏል።

አሁን ወደ ካፒቴኑ ቃል ልመለስ። «ሞተሩ ከዳኝ» ነበር ያለው። አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ወደ ስብርባሪው እንደደረስን ሌላውን ሁሉ ትቶ ፕሮፔለሩ አጠገብ ተንበረከከና አፈሩን በጣቱ ጠረገው። የሁለቱም ቅጠሎች ጫፍ ወደ ፊት ታጥፏል። «ይህን አየህ?» አለኝ። የማይሽከረከር ፕሮፔለር መሬት ሲመታ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ በሞተር ጉልበት የሚሽከረከር ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩን እየነከሰ ጫፉ ወደ ፊት ይጠቀለላል። ሞተሩ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ይሠራ ነበር። ካፒቴኑ አልዋሸም፤ የደከመ ሞተር ተሰምቶት ነበር፤ ነገር ግን የደከመው በመበላሸቱ አልነበረም።

ቀጥሎ አለቃዬ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማር በተለቀለቀው ሰሌዳ ላይ ያለውን ቀዩን ቁልፍ አሳየኝ። ሚክስቸር ይባላል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነዳጅ ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥን ነው። በቆላ ሲነሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገፋል። በደጋ ግን አየሩ ስለሳሳ ነዳጁም መቀነስ አለበት፤ የሴስና መመሪያም ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ሲነሱ ሞተሩ ጥሩ ዙር እስኪሰጥ ድረስ ቁልፉን ወደ ውጭ ሳብ እንዲያደርጉት ያዝዛል። ካልተሳበ ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል፤ ከፍታው ከወሰደበት ሩብ ላይ ሌላ ጉልበት በከንቱ ያጣል። የእኛ ቀይ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ነበር። ካፒቴኑ ሥልጠናውን የጨረሰው በቆላ ሜዳ ነበርና እጁ የለመደውን አደረገ።

ከዚያ አለቃዬ ቀና ብሎ «ዕቃውን ማን ጫነው?» አለ። «እኔ» አልኩ። «ማሩ ስንት ኪሎ ነበር?» «ሃያ ሃያ።» አልተቆጣኝም። ያልፈነዳውን ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ መንደሩ ሄደ፤ ከአንድ ነጋዴ የእህል ሚዛን ለምኖ ሰቀለው። መርፌው 28ን አልፎ ቆመ፤ ጀሪካኑ ራሱም ይመዝናልና። አብረን ደመርን፤ ካፒቴኑና ሁለቱ እንግዶች 240፣ ሻንጣቸው 20፣ ጤፉ 50፣ ማሩ 56፣ በጋኑ የነበረው ነዳጅ 72። ድምሩ 438 ኪሎ መጣ፤ ያቺ አውሮፕላን ልትሸከም የሚገባት ከ400 አያልፍም ነበር። ከጭማሪው ክብደት ጤፉን ብቻ ብናስቀር ልኩ ላይ እንደርስ ነበር። እኔ ልናገር አፌን ከፍቼ የዘጋሁት ስለዚያው ጤፍ ነበር።

ሽማግሌው ከሩቅ ሲያዩን ቆይተው ቀረቡና ምን እያደረግን እንደሆነ ጠየቁ። አለቃዬ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ካዩ በኋላ «ታዲያ ልጄ፣ ይከብዳል ብትሉኝ እኔ መች እንቢ እላለሁ?» አሉ። የሚመልስላቸው አልነበረም። በሳምንቱ ያ የተረፈው ጀሪካን፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ፣ ከደሴ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ገባ።